ልጆችን ባሳፈረ መኪና ውስጥ ሲጋራ ስለ ማጨስ፦ ሕግ የሚለውና ኅሊና የሚለው

አምስተኛው የእግዚአብሔር ትእዛዝ «አትግደል» የሚለው መሆኑን ሁላችንም በትምህርተ ክርስቶስ ተምረናል። ብዙዎቻችን ግን ይህን ትእዛዝ ስንሰማ የምናስበው ሰይፍንና ጠመንጃን ብቻ ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የራሳችንንና የባልንጀራችንን ጤንነት መጠበቅም በዚሁ ትእዛዝ ሥር እንደሚገኝ ታስተምረናለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 ራስን ስለ መግዛት ሲናገር፣ በምግብ፣ በመጠጥ፣ በትምባሆና በመድኃኒት ከልክ ከማለፍ መራቅ እንደሚገባ ያሳስባል። በዚያው አንቀጽ፣ በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር ተነሣሥቶ በመንገድ ላይ የሰውን ደኅንነት ለአደጋ የሚያጋልጥ ከባድ በደል እንደሚፈጽም ተገልጾአል። ትምባሆና መንገድ በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን መነሣታቸው፣ በዚህ ትምህርት ለምንመለከተው ጉዳይ መልካም መነሻ ይሆነናል፤ ይኸውም ልጆች በተሳፈሩበት መኪና ውስጥ ሲጋራ ስለ ማጨስና ይህንኑ ስለሚከለክሉ ሕጎች ነው።

1. ጢሱ በሕፃኑ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

መኪና ጠባብ ስፍራ ነው። አንድ ሲጋራ ሲጨስበት ጢሱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞላዋል፤ መስኮት መክፈትም ፈጽሞ አያስወግደውም። በትምባሆ ጢስ ውስጥ ከ7,000 የሚበልጡ ኬሚካሎች እንደሚገኙና ከእነዚህም ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር የሚያስከትሉ መሆናቸውን የሕክምና ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሕፃን ሳንባው ገና በማደግ ላይ ስለሆነና ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጉዳቱ ይብስበታል። የሌሎችን ጢስ የሚተነፍሱ ልጆች ለአስም፣ ለሳንባ ምች፣ ለብሮንካይትስና ለጆሮ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ጨቅላዎችም በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የመሞታቸው አደጋ ይጨምራል።

ከዚህም ሌላ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አዋቂ ሰው ጢስ ቢያስቸግረው ተነሥቶ ይወጣል፤ ወይም አጫሹን ይናገረዋል። በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን መውረድ አይችልም። በእኛም ባህል ልጅ ታላቁን መገሠጽ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠርበት፣ እያሳለውም ቢሆን ዝም ይላል። ዝምታው ግን ፈቃድ አይደለም።

2. አንዳንድ አገሮች ያወጡት ሕግ

ይህን የተገነዘቡ ልዩ ልዩ አገሮች ሕግ አውጥተዋል። በአውስትራሊያ የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2007፣ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በ2008፣ አየርላንድ ደግሞ በ2016 እንዲህ ያለውን ሕግ በሥራ ላይ አውለዋል። በእንግሊዝና በዌልስ ሕጉ መሥራት የጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ሲሆን፣ ስኮትላንድም በ2016 መጨረሻ ተከትላለች። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም በዚሁ ሕግ ሥር ይተዳደራሉ።

የእንግሊዙን ሕግ ለምሳሌ ብንመለከት፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው በተሳፈረበት የግል መኪና ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። መስኮት መከፈቱ ምክንያት አይሆንም። ሕጉ ሲጀምር የተወሰነው መቀጫ 50 ፓውንድ ሲሆን፣ የሚጠየቀውም ያጨሰው ብቻ ሳይሆን እንዲጨስ የፈቀደው አሽከርካሪም ጭምር ነው። በዚህ ሕግ፣ እኔ አላጨስሁም ብሎ ዝም ማለት ከኃላፊነት አያድንም።

3. መንግሥት በቤተሰብ ጉዳይ ሊገባ ይችላልን?

ሕጉ ያለ ተቃውሞ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ድምፅ በተሰጠ ጊዜ 376 ሲደግፉት 107 ተቃውመውታል። ከተቃዋሚዎቹ አንዳንዶቹ፣ የግል መኪና እንደ ቤት ነው፤ ልጆችን ማሳደግ የወላጆች እንጂ የፖሊስ ሥራ አይደለም የሚል ክርክር አቅርበዋል።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 በጻፉት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ቤተሰብ ከመንግሥት አስቀድሞ የነበረና የራሱ መብት ያለው መሆኑን አስተምረዋል። ሆኖም በዚያው መልእክት፣ በቤተሰብ ውስጥ የአንዱ መብት በሌላው በብርቱ ሲጣስ የሕዝብ ሥልጣን ሊደርስለት እንደሚገባ ገልጸዋል። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው መርሕም ይኸው ነው፦ ታናሹ አካል ራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ታላቁ አይንጠቀው፤ ሲያቅተው ግን ይርዳው።

ወላጅ በልጁ ላይ ሥልጣን የተሰጠው ለልጁ ጥቅም ነው። እንግዲህ ራሱን ሊከላከል የማይችለውን ሕፃን ከጉዳት የሚጠብቅ ሕግ የቤተሰብን ክብር አይነካም፤ ከቤተሰቡ መካከል ደካማ ለሆነው ይቆማል እንጂ።

ይሁን እንጂ ሕግ ሁሉን ሊያደርስ አይችልም። በእንግሊዝ አገር እንኳ በዚህ ሕግ የተቀጡት ሰዎች እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ሕጉ ከመኪናው ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት አይገባም፤ ያው ሕፃን እቤቱ ሲደርስ የሚጠብቀው የወላጆቹ ኅሊና ብቻ ነው። ሕግ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ወሰን ያመለክታል፤ ፍቅር ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ይጀምራል።

4. እኛስ ምን እናድርግ?

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ ማመላለሻና በተዘጉ የሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ማጨስን ይከለክላል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም ትምባሆ እንዳይሸጥ ያዛል። በግል መኪናችንና በቤታችን ውስጥ ግን ፖሊስ እስኪመጣ ልንጠብቅ አይገባንም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በቫቲካን ሲጋራ እንዳይሸጥ የወሰኑት ማንም አስገድዷቸው አልነበረም። የሰውን ጤና ከሚጎዳ ነገር ገቢ ማግኘት ስለማይገባ፣ ጥቅሙ ይቅርብን ብለው ነው።

ስለሆነም የሚከተለውን እናሳስባለን። ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትጓዙ በመኪና ውስጥ አታጭሱ፤ እንግዳም ቢሆን እንዲያጨስ አትፍቀዱ። ማጨስ ግድ የሆነበት ሰው መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶና ራቅ ብሎ ያጭስ። ተማሪዎችን ለሚያመላልሱ ሾፌሮችም ወላጆች ይህንኑ አስቀድመው በትሕትና ይንገሩ። ቁምስናዎች ወጣቶችን ወደ ንግደትና ወደ ሱባዔ ሲወስዱ ለተከራዩት መኪና ሾፌር እንደዚሁ ያስታውቁ።

አጫሹን ግን አንፍረድበት። የትምባሆ ሱስ የሰውን ነጻነት የሚያደክም ብርቱ ማሰሪያ ስለሆነ፣ ወንድማችን ከተግሣጽ ይልቅ ርዳታና ጸሎት ያስፈልገዋል። ለብዙዎች ስለ ልጅ ሲሉ አንዲት ሲጋራ መተው ፈጽሞ ለመተው የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይችላል። ጌታችን ሕፃንን በስሙ የሚቀበል እርሱን እንደሚቀበል አስተምሮናል፤ ሕፃንን መቀበል ንጹሕ አየር እንዲተነፍስ ማድረግንም ይጨምራል።

ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ) አምስተኛው ትእዛዝ ጤንነትን ስለ መጠበቅ ምን ያስተምረናል?

ለ) መንግሥት በቤተሰብ ጉዳይ ሊገባ የሚገባው መቼ ነው? የማይገባውስ መቼ ነው?

ሐ) አንድ ልጅ አክብሮቱን ሳያጓድል «አባዬ፣ ጢሱ ያስለኛል» ብሎ እንዲናገር እንዴት እናስተምረዋለን? እኛ ታላላቆችስ ይህን ቃል እንዴት እንቀበለው?