በመኪና የተለካ ካርታ፦ ጥራቱ በምን ይመዘናል?

የከተማ አስተዳደሮች መንገድን፣ የአጥር መስመርንና የመብራት ምሰሶን ለመመዝገብ በመኪና ጣሪያ ላይ የሚገጠም የቅየሳ መሣሪያ ይጠቀማሉ። መሣሪያው ካሜራ፣ የሌዘር መለኪያ፣ የሳተላይት መቀበያና የመኪናውን እንቅስቃሴ የሚከታተል ክፍል አለው። ቀያሽ በእግሩ ቀናት የሚፈጅበትን ሥራ በሰዓታት ይጨርሳል። ይሁን እንጂ ፍጥነት ለትክክለኛነት ዋስትና አይሆንም።

ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የፊት ወርዱ 20 ሜትር በሆነ ይዞታ ላይ የድንበሩ መስመር ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ 10 ካሬ ሜትር ይጎድላል። ለምሳሌ ያህል የካሬ ሜትሩ ዋጋ 50,000 ብር ቢሆን ልዩነቱ 500,000 ብር ነው። ስለዚህ ገዢም ሆነ ደላላ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ቢያነሳ ይጠቀማል።

1ኛ/ ማን ፈተነው? መረጃው መመዘን ያለበት ሌላ ወገን በሌላ መሣሪያ በለካቸው ነጥቦች ነው። አማካይ ስህተት ብቻ ከተነገረዎ ይጠንቀቁ። በአራት ነጥቦች ላይ ልዩነቱ 10 እና 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፣ 10 እና 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ቢሆን አማካዩ ዜሮ ይመጣል። እያንዳንዱ ልዩነት በራሱ ተባዝቶ፣ ድምሩ ለአራት ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ ግን ስህተቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይገኛል።

2ኛ/ የት ተፈተነ? ሜዳ ላይ የሳተላይት ምልክት በደንብ ይገባል። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ወይም በስታዲየምና በሜክሲኮ አካባቢ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ግን ይደናቀፋል። ፈተናው እነዚህን ቦታዎች መጨመር አለበት።

3ኛ/ በየትኛው መነሻ ተሠራ? የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆን፣ ሳተላይቱ የሚሰጠው በደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 ነው። ሁለቱ ሳይቀየሩ ቢደባለቁ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ስለሚሸሽ ካርታውን ብቻ ለሚያይ ሰው ስህተቱ አይታወቅም።

4ኛ/ ምን ቀረ? መኪናው የሚያየው ከመንገድ የሚታየውን ብቻ ነው። ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ያለው ድንበርና መኪና የማይገባበት ቅያስ ይቀራሉ። የታየውም አጥር ቢሆን የግድ ሕጋዊው ድንበር አይደለም።

5ኛ/ መቼ ተለካ? በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ መንገድ የሰፋባቸውና አጥር የተነሣባቸው ቦታዎች አሉ። በነዚህ ቦታዎች ከዚያ በፊት የተለካ ካርታ የሚያሳየው የድሮውን መንገድ ነው።

በመጨረሻም ጥራት እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። ምሰሶ ለመቁጠር የግማሽ ሜትር ስህተት አይጎዳም፤ ድንበር ለመለየት ግን ያጣላል። ካርታ ሲቀርብልዎ የተፈተነበትን የልኬት ውጤት አብረው ይጠይቁ። ውጤቱ ከሌለ፣ ከመፈረምዎ በፊት ቦታውን በራስዎ ቀያሽ ማስለካቱ ይሻላል።