አቡነ ጴጥሮስ እንቢ አሉ

ልጆች፥ አዲስ አበባ ፒያሳ አጠገብ የቆመውን የአንድ ጳጳስ ሐውልት አይታችሁ ይሆናል። እኒያ አባት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከተማዋን በያዘ ጊዜ፥ አርበኞቹን «ሽፍቶች ናቸው» ብለው እንዲያወግዙ ተጠየቁ። እሺ ቢሉ በሕይወት ይኖሩ ነበር፤ ሞት ደግሞ ለጳጳስም ቢሆን ቀላል አይደለም። እርሳቸው ግን ሐሰት መናገርን እንቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

ጌታችን ስለ መልካም እረኛ ያስተማረውን ታስታውሳላችሁ? (ዮሐ. 10)

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ጓደኛችሁ ባልሠራው ጥፋት ሊቀጣ ነው እንበል። እውነቱን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ብትናገሩ ግን ጥፋተኞቹ ልጆች ይጣሏችኋል። ምን ታደርጋላችሁ? ለሚመጣው እሑድ አስባችሁበት ኑ።