የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ስብሰባ፦ መገኘት፣ መናገርና ድምፅ መስጠት

በጋራ ሕንፃ ውስጥ ቤት ወይም ሱቅ የገዛ ሰው ከራሱ ግድግዳ ውጭም ንብረት አለው። ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ነው። አስተዳደሩ የሚወሰነው ደግሞ በባለቤቶቹ ስብሰባ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣውና በተለምዶ የኮንዶሚኒየም አዋጅ የሚባለው አዋጅ ቁጥር 370 ባለቤቶቹ በማኅበር ተደራጅተው በመተዳደሪያ ደንብ እንዲመሩ ያደርጋል። ስለዚህ በደንቡ መሠረት የተላለፈ ውሳኔ ከስብሰባው የቀረውንም አባል ይነካል።

አንድ የጢስ ዓባይ እህል ነጋዴ ባሕር ዳር ከተማ በጋራ ሕንፃ ግራውንድ ላይ ሱቅ ገዝቶ አከራየ እንበል። ፎቅ ላይ የሚኖሩት ተሰብስበው የግቢው በር ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እንዲዘጋ ቢወስኑ የሱቁ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ኪራዩም ይወርዳል። ተከራዩ የማኅበሩ አባል ባለመሆኑ፣ ባለቤቱ ካልወከለው በስተቀር ስለ ሱቁ ሊከራከር አይችልም።

መገኘት፣ መናገርና ድምፅ መስጠት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት መዋጮውን 30 ቀንና ከዚያ በላይ ያላደረሰ ባለቤት ድምፅ መስጠት አይችልም። እዚህም ቢሆን ውዝፍ ያለበት አባል መብቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ አስቀድሞ ከደንቡ ማየት ይገባዋል።

ራሱ መገኘት ያልቻለ በጽሑፍ ይወክል። ሆኖም የውክልናው ዓይነት ይለያያል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ይሸፍናል፤ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ኪራይም በዚሁ ውስጥ ይገባል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ግን በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በአጀንዳው ላይ የጋራ ይዞታን የሚመለከት ከባድ ጉዳይ ካለ ሥልጣኑ በውክልናው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ገዢም ሆነ ደላላ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቅ፦
• ድምፅ የሚቆጠረው በቤት ነው ወይስ በድርሻ?
• ምልዓተ ጉባኤው ስንት ነው?
• የስብሰባ ጥሪ በስንት ቀን ቀድሞ፣ በምን መንገድ ይደርሳል?
• ሻጩ ያልከፈለው መዋጮ አለ?

ስብሰባ የተገኘ ባለቤትም ተቃውሞው በቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳያረጋግጥ አይፈርም። በኋላ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ የሚሆነው የተጻፈው ነው።