ቃል በቃል የማይፈታ አነጋገር

እንግሊዝኛ የሚማር ሩሲያዊ «ኪክድ ዘ ባኬት» ሲባል ቢሰማ፣ ቃሎቹን ብቻ ከፈታ «ባልዲውን በእርግጫ መታ» ይላል። ትርጉሙ ግን «ሞተ» ነው። በሩሲያኛም «ሲግራል ቭ ያሺክ» ይባላል፤ ቃል በቃል «ወደ ሳጥን ተጫወተ» ቢሆንም ያው «ሞተ» ማለት ነው። ሁለቱም የቀልድ አነጋገሮች ስለሆኑ ለሐዘንተኛ አይነገሩም።

ግሶችም እንዲሁ ያሳስታሉ። ሩሲያኛ ትንሿን ቃል ከግሱ ፊት ያስቀድማል፤ «ኢድቲ» መሄድ ሲሆን «ቪይቲ» መውጣት ነው። እንግሊዝኛ ግን ከኋላ ያስከትላል፤ «ጎ» መሄድ፣ «ጎ አውት» መውጣት ነው። «ጊቭ» መስጠት ሆኖ ሳለ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ ቆርጦ መተው ነው። እንግዲህ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ቃል አድርገን እንያዛቸው።

እኛስ «አረፈ» ስንል ደከመውና ተቀመጠ ነው ወይስ ሞተ? የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

መልመጃ፦ «አረፈ»ን በሁለቱም ትርጉም እያስገባችሁ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ።