የባንኩ ነገረ ፈጅ የማን ጠበቃ ነው?
በብድር ቤት ለሚገዛ ሰው የሚጠቅም ትንሽ ጥናት

መግቢያ

በአገራችን ቤት በብድር የሚገዛ ሰው ሲያመነታ ከጎኑ ያለው ሁሉ «ባንክ ያየው ቤት ነው፣ ምን ያስፈራሃል?» ይለዋል። እኔም ይህን አባባል ለረጅም ጊዜ እንደ እውነት ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ባንክ ሕግ አዋቂ አለው፣ መሐንዲስ አለው፣ ገንዘቡን እንዲሁ አይበትንም ብዬ ነው። ለቃለ መጠይቅ ትምህርት የቤት ሥራ ርእስ ስፈልግ ግን በዘመዴ ላይ የደረሰ ነገር ትዝ አለኝና ጉዳዩን ተከታተልሁት። ያገኘሁትን በዚህ ጽሑፍ ለክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን አቀርባለሁ።

የአጎቴ ቤት

አጎቴ አምባ ጊዮርጊስ ድንችና ገብስ ይነግዳሉ። ልጆቻቸው ለትምህርት ጎንደር ሲወርዱ የኪራዩ ነገር ስለሰለቻቸው በ2011 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር ቤት ለመግዛት ተነሡ። በእጃቸው የነበረው ገንዘብ የዋጋውን ግማሽ ያህል ነበር። ቀሪውን ከአንድ ባንክ ተበደሩ።

ግቢው ውስጥ ስምንት ክፍል ነበረ። አምስቱ ዋናው ቤት ነው፣ ሦስቱ ደግሞ በጓሮ በኩል የተሠሩ ሰርቪሶች ናቸው። የአጎቴ ሐሳብ ዋናው ቤት ለልጆቹ እንዲሆን፣ ሰርቪሶቹ እንዲከራዩና ኪራዩ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ እንዲሸፍን ነበር። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ለካ። ነገረ ፈጁ ካርታውን መረመረ። ብድሩ ተፈቀደ፣ ስም ዞረ፣ ሻጩም ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ።

ዓመት ሳይሞላ ግንባታ የሚቆጣጠሩ ሰዎች መጡና ሦስቱ ሰርቪሶች ያለ ፈቃድ የተሠሩ ስለሆነ ይፍረሱ አሉ። አጎቴ በቀጥታ ወደ ባንኩ ነው የሄዱት። «እናንተ አይታችሁት አይደለም ወይ የገዛሁት?» አሉ። ነገረ ፈጁ ፋይሉን አውጥቶ የግምቱን ወረቀት አሳያቸው። የተገመቱት አምስቱ ክፍሎች ብቻ ናቸው። ሦስቱ ከፕላን ውጭ ተብለው ከሒሳቡ ወጥተዋል። ከዚያም በትሕትና «አባቴ፣ እኔ የባንኩ ነገረ ፈጅ ነኝ እንጂ የእርስዎ ጠበቃ አይደለሁም» አላቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ባንኩ ያውቅ ነበር። የግምቱን ክፍያ የከፈሉት ደግሞ አጎቴ ራሳቸው ናቸው። ወረቀቱን ማንም አልደበቀባቸውም፣ ማንም ግን አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ሻጩን ለመክሰስ ቢያስቡም ውሉ የሚለው «በካርታው ላይ የተመለከተውን ቤት» ነው። ሰርቪሶቹ ካርታው ላይ የሉምና ሻጩ «የሸጥሁት ያንኑ ነው» የሚል አፍ አገኘ።

ባንክ የሚያየው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ስሙ እንዳይጠቀስ ለጠየቀኝ አንድ የሌላ ባንክ የሕግ ባለሙያ አቀረብሁለት። መልሱ አጭር ነበር። «እኛ የምንጠይቀው ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ይህን ቤት ሸጠን ገንዘባችንን እናገኛለን ወይ ብለን ነው» አለኝ።

ስለዚህ ባንኩ ካርታው ትክክለኛ መሆኑን ያያል። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ያጣራል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማቱን ይጠይቃል፤ የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልምና። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚገመተውም የሚያዘውም ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው። ግምቱ ብድሩን ከሸፈነ ባንኩ እፎይ ይላል።

ገዢውን የሚያሳስበው ግን ከዚህ ይሰፋል። በግቢው ያለው ሁሉ በፕላን ላይ አለ ወይ? ተከራይ አለበት ወይ? ካለስ መቼ ይወጣል? ዋጋውስ ተመጣጣኝ ነው ወይ? ባንኩ እነዚህን ባያይ ጥፋተኛ አይባልም። ከስምንቱ ክፍል አምስቱ ለባንኩ ይበቁታል፤ ለአጎቴ ግን አልበቁም።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል እንዲመዘገብ ያዛል። በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» የምንለው ማለት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በ1999 ዓ.ም. ይህ ሳይፈጸም የተደረገ የቤት ሽያጭ እንደማይጸና ወስኗል።

የመያዣ ውል ግን በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 639 ሌላ መንገድ ያዘ። ከባንክ ወይም ከአነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ለሚወሰድ ብድር የሚሰጥ የቤት መያዣ ውል በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ አይገደድም። በንብረት መዝገብ ላይ መስፈሩ ግን አልቀረም፤ በአንቀጽ 3052 መያዣ የሚጸናው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው። አዋጁ ሥራ አቃልሏል፣ አይካድም። ሆኖም ተበዳሪው በሚፈርምበት ሰዓት ፊቱ ያለው ሕግ አዋቂ የባንኩ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፊርማው ደግሞ ቀላል አይደለም። አንቀጽ 3060 አበዳሪው ያለ ፍርድ ቤት ሥርዓት መያዣውን እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውል ዋጋ የለውም ይላል። ለባንኮች ግን አዋጅ ቁጥር 97/1990 በዚህ ላይ በር ከፍቶላቸዋል። ውሉ ላይ ከተጻፈ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። አጎቴ ይህን ያወቁት ከፈረሙ በኋላ ነው።

የእንግሊዝ ልምድ

በእንግሊዝ አገር ቤት በብድር የሚገዛ ሰው ስም የሚያዛውርለት የሕግ ባለሙያ ይቀጥራል። ባንኮቹ የሚያምኗቸው ባለሙያዎች ዝርዝር አላቸው። ገዢው ከዝርዝሩ ውስጥ ከመረጠ ብዙውን ጊዜ አንዱ ባለሙያ ለገዢውም ለባንኩም ይሠራል። ከዝርዝሩ ውጭ ከመረጠ ግን ባንኩ የራሱን ጠበቃ ሊያቆም ይችላል፤ ወጪው አብዛኛውን ጊዜ በገዢው ላይ ይወድቃል። እዚያም ቢሆን «ባንኩ ያመነው ጠበቃ ለማን ያደላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ልዩነቱ ባለሙያው ለሁለቱም ኃላፊነት ያለበት መሆኑ ነው። ጥቅማቸው ከተጋጨ ለሁለቱም መሥራቱን መቀጠል የለበትም። ገዢውን «ሦስቱ ክፍሎች ፈቃድ የላቸውም» ብሎ ማስጠንቀቅም ሥራው ነው።

እኛ ዘንድ ይህን የሚሠራ ሰው ገዢው ራሱ ካልፈለገ አይገኝም። ብዙውን ጊዜ ያለው ደላላው ነው፣ ውሉን የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ነው፣ የባንኩ ነገረ ፈጅ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

ምን ይደረግ?

ካነጋገርኋቸው ሰዎች የሰበሰብሁት ምክር ይህ ነው።

1ኛ. ቀብድ ከመክፈል በፊት ካርታውንና ፕላኑን ይዞ በግቢው መዞር፣ ክፍል በክፍል ማመሳከር። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል።

2ኛ. የባንኩን የግምት ወረቀት ግልባጭ መጠየቅ። ምን እንደተገመተ ብቻ ሳይሆን ምን እንደተተወም ማንበብ።

3ኛ. በሽያጩ ውል ላይ የሚሸጠውን ክፍል ሁሉ በዝርዝር ማስጻፍ።

4ኛ. የብድሩንና የመያዣውን ውል ከመፈረም በፊት ለራስ ጠበቃ ማስነበብ። ጠበቃ ያስከፍላል፤ ሦስት ክፍል ግን ከዚያ ይበልጣል።

ማጠቃለያ

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ትምህርት አለው። «ምንጩ ታማኝ ነው ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። የባንኩ ነገረ ፈጅ ታማኝ ነበር፤ አንድም ውሸት አልተናገረም። መጠየቅ የነበረበት «ለማን ብሎ ነው ያየው?» የሚለው ነበር።

አጎቴ ሰርቪሶቹን አፍርሰዋል። ኪራዩ ይከፍለዋል ያሉትን ብድር ዛሬም ከድንችና ከገብስ ንግዱ እየቀነሱ ይከፍላሉ። ይህን ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው «ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔ እንኳን አንዴ ከፈልሁ፤ ሌላው ሰው ሳይከፍል ይወቀው» አሉ። እኔም አደራቸውን ተወጥቻለሁ።