የጋን ጠላና የበርሜል ቢራ፤ ጥራት በነጥብ ሲመዘን

ቡና የሚነግድ ሰው «ደረጃው ስንት ነው?» ሳይል ዋጋ አይቆርጥም። ሰሊጥ ገዥም እንዲሁ። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ለሠርግ፣ ለማኅበር ወይም ለምግብ ቤት ጠላ የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ጄሪካኑ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ የጉናን ገብስ አብቅላ፣ ጋኗን አጥና በጊዜው ያደረሰችው ጠማቂና ብቅል ቆጥባ ውሃ ያበዛችው ጠማቂ ተቀራራቢ ዋጋ ሊያገኙ ይችላሉ።

ይህ ለገበያው ምን ያስከትላል? አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ በምሳሌነት ወስደው መልሱን ሰጥተዋል። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዥው አያውቅም። ስለዚህ ገዥው ከመካከለኛ ጥራት በላይ አይከፍልም። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ጉድለት ያለበት ነው። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። የመኪና ደላላ የሆነ አንባቢ ግን ነገሩን ያለ መጽሐፍም ያውቀዋል።

ወደ ጠላው እንመልሰው። እንበል ጥሩዋ ጠማቂ ከ100 ብር ሽያጭ 75 ብሩ ለእህል፣ ለጌሾና ለማገዶ ይወጣባታል፤ ሌላዋ 55 ብር ብቻ ታወጣለች። ዋጋው አንድ ከሆነ የመጀመሪያዋ ትርፍ 25፣ የሁለተኛዋ 45 ብር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ብቅል የምትቀንሰው ማን እንደሆነች ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

መድኃኒቱ ገዥና ሻጭ የሚስማሙበት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የቡና ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሽጧል። ያን ዋጋ ያመጣው ቡናው ብቻ አይደለም፤ በሩቅ አገር ያለው ገዥ እንዲተማመን ያደረገው የቀማሾች ነጥብም ጭምር ነው። በቢራውም ዓለም በእንጨት በርሜል የሚቆዩ ቢራዎች ከተራው ቢራ በብዙ እጥፍ የሚሸጡት በዚሁ መንገድ ነው።

በርሜሉ ምን ይጨምራል?

የአሜሪካ ሕግ ቡርበን የተባለው ውስኪ በአዲስና ውስጡ በእሳት በተለበለበ የኦክ እንጨት ዕቃ እንዲቀመጥ ያዛል። በርሜሉ ለቡርበን የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ የተረፈውን ቢራ ጠማቂዎች ይገዙታል። በዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የቺካጎው «ጉስ አይላንድ» ጠንከር ያለ ጥቁር ቢራውን በቡርበን በርሜል ማቆየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2011 ኤቢ ኢንቤቭ በ38.8 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

እንጨቱ የቫኒላ ሽታና የተጠበሰ ስኳር የመሰለ ጣዕም ይሰጣል፤ የውስኪው ቅሪት ይጨምርበታል፤ በስንጥቁ የሚገባው ጥቂት አየር መጠጡን ቀስ ብሎ ይለውጠዋል። ወጪውም ቀላል አይደለም። ቢራው ለወራት ሲተኛ ገንዘቡም አብሮ ይተኛል፣ ከፊሉም በእንጨቱ በኩል ይተናል። አደጋም አለው፤ እንጨት ተህዋስያንን ይደብቃል። ጉስ አይላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣቸው የበርሜል ቢራዎች ከፊሎቹ በባክቴሪያ ምክንያት ጎምዝዘው በመገኘታቸው በ2016 ለገዥዎች ገንዘብ ለመመለስ ተገድዷል።

ጋንስ?

የእኛ ጋን ይህን ሥራ በራሱ መንገድ ይሠራል። በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ወይም በጥንጁት ጭስ ይታጠናል። ሸክላው ጭሱን ስለሚይዝ መዓዛው ወደ መጠጡ ይገባል፤ ጭሱ የሚያበላሹ ተህዋስያንንም ያዳክማል። ከዚያ የጌሾው ጥንስስ፣ ብቅሉ፣ ቂጣውና እንኩሮው በየተራ ገብተው ድፍድፍ ይሆናል፤ ጋኑም ይመረጋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ በመሆኗ ፍላቱ ከቆላው ይዘገያል፤ የቸኮለ ጠማቂ እዚህ ላይ ይሳሳታል። አሁን እየተለመደ የመጣው የፕላስቲክ በርሜል ለማጠብና ለማጓጓዝ ይመቻል፤ ጭስን ግን እንደ ሸክላ አይዝም።

አንድ ልዩነት ግን ልብ ይሏል። የተመረገ ድፍድፍ ለሳምንታት ሊቆይ ቢችልም ውሃ ከተጨመረበት በኋላ የጠላ ዕድሜ በቀናት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ «የቆየ ጠላ» ብሎ ዋጋ መጨመር አይቻልም። በጠላ ዋጋ ሊከፈልበት የሚገባው የእህሉ ጥራት፣ የጋኑ አያያዝና የመድረሻው ጊዜ ነው።

የአቀማመስ ሥርዓት

መቅመስ መጠጣት አይደለም። የሚከተሉት ደንቦች ለበርሜል ቢራም ለጋን ጠላም ይሠራሉ፦

1ኛ. ቀማሾች ቢያንስ ሦስት ይሁኑ። ከመቅመሳቸው በፊት በርበሬ፣ ሽንኩርትና ትምባሆ ይተው።

2ኛ. ናሙናው የማን እንደሆነ አይነገር፤ በቁጥር ብቻ ይለይ። የጠማቂዋ ስም ከተሰማ ምላስ ለስሟ ያደላል።

3ኛ. በጣሳ ሳይሆን በንጹሕ ብርጭቆ ይቀዳ። «ጠጅ በብርሌ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መልኩ መታየት አለበት።

4ኛ. ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከነጩ ወደ ጥቁሩ ይኬድ። በየመካከሉ ውሃና ጨው የሌለው ቂጣ ይቀመስ።

5ኛ. መጀመሪያ ይሽተት፣ ቀጥሎ ይታይ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጉንጭ ብቻ ይቀመስ። ነጥቡ ተጽፎ ሳያልቅ ማንም አስተያየት አይስጥ።

ነጥብ አሰጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው የአሜሪካ የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም የሚሠራበት ቅጽ ከ50 ነው። ለጠላም እንዲህ ልንጠቀምበት እንችላለን፦

መዓዛ (12)፦ የወይራው ጭስ፣ የብቅሉና የጌሾው ሽታ ተመጣጥኖ ይሰማል? ወይስ ጭሱ አመድ አመድ ይላል? ሆምጣጤ ወይም ቅቤ የመሰለ ሽታ ካለው ነጥብ ይቀነሳል።

መልክ (3)፦ ለዓይነቱ ይስማማል? ጉሽ ጉሽ ይሁን፤ ተጣራ የተባለው ግን የጠራ መሆን አለበት።

ጣዕም (20)፦ የገብሱ ጣዕም፣ የጌሾው ምሬትና ጉምዛዜው ሚዛን ጠብቀዋል? ከተዋጠ በኋላ የሚቀረው ጣዕም ደስ ይላል?

የአፍ ስሜት (5)፦ አካል አለው ወይስ ውሃ ውሃ ይላል? አልኮሉ ጉሮሮ ያቃጥላል?

አጠቃላይ ግምት (10)፦ ቀማሹ በገንዘቡ ደግሞ ይገዛዋል?

በቅጹ መሠረት 45ና ከዚያ በላይ የሚያገኝ እጅግ የላቀ ነው። ከ38 እስከ 44 የላቀ፣ ከ30 እስከ 37 በጣም ጥሩ፣ ከ21 እስከ 29 ጥሩ ሆኖ ጉድለት ያለበት፣ ከ14 እስከ 20 ደካማ፣ ከዚያ በታች ችግር ያለበት ይባላል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። ጉምዛዜ ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። ቤልጅግ ውስጥ «ሮደንባክ» በትላልቅ የኦክ ጋኖች የሚያቆየው ቢራ የሚወደደው በጉምዛዜው ነው። ጉድለት የሚሆነው ሻጩ ከተናገረው ዓይነት ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው። ስለዚህ ከቅምሻው በፊት ዓይነቱ ይገለጽ፦ ነጭ ወይስ ጥቁር? ጉሽ ወይስ የተጣራ? ቅራሪ በቅራሪነቱ እንጂ ከዋናው ጠላ ጋር አይወዳደርም።

አንድ ምሳሌ

ሁለት ናሙና ቀረበ እንበል። ቁጥር 1 ደፍረስ ያለ ነው፦ መዓዛ 9፣ መልክ 2፣ ጣዕም 15፣ የአፍ ስሜት 4፣ አጠቃላይ 7፤ ድምር 37። ቁጥር 2 እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ሲቀመስ ግን ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል፦ መዓዛ 5፣ መልክ 3፣ ጣዕም 8፣ የአፍ ስሜት 3፣ አጠቃላይ 4፤ ድምር 23። በዓይኑ የሚገዛ ሰው ቁጥር 2ን ይወስድ ነበር። መልክ ከ50 ውስጥ 3 ነጥብ ብቻ የተሰጠው ለዚህ ነው።

ዳኛው ማን ይሁን?

መለኪያ ቢኖርም መዛኙ ካልታመነ ዋጋ የለውም። «ሬትቢር» የተባለው የታወቀ የቢራ ደረጃ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፊል ድርሻውን ለኤቢ ኢንቤቭ ክንፍ ሸጠ፤ ጉዳዩ በ2017 ሲሰማ አንዳንድ ጠማቂዎች «ተወዳዳሪያችን እንዴት ዳኛችን ይሆናል?» በሚል ስማቸው እንዲወጣ ጠየቁ። በ2019 ሙሉ በሙሉ በግዙፉ ኩባንያ እጅ ገባ፤ በ2025 መጀመሪያ ተዘጋ። ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል። ከሽያጩ ኮሚሽን የሚያገኝ ደላላ ናሙና ያቅርብ እንጂ ነጥብ አይስጥ።

ጉዳዩ ጠላን አሽጎ ወደ ከተማ ለማውጣት ለሚያስብ ባለሀብት የበለጠ ይመለከተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ስም በማስታወቂያ በማይገነባበት ዘርፍ ስም የሚገነባው ተመሳሳይ ጥራትን ደጋግሞ በማቅረብ ነው፤ ያም የሚታወቀው እያንዳንዱ ጋን ተቀምሶ ነጥቡ ሲመዘገብ ነው።

ጅምሩ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ለነሐሴ 13 ቡሄም ሆነ ለጥር ሠርግ ጠላ የሚያዝ ምግብ ቤት ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ «በሦስት ቀማሾች አማካይ 30 ነጥብና ከዚያ በላይ ላገኘ ሙሉ ዋጋ፤ ከ38 በላይ ላገኘ ጭማሪ፤ ከ30 በታች ለሆነ ቅናሽ።» ከላይ ባየነው ስሌት 75 ብር የምታወጣው ጠማቂ ጭማሪው 20 ብር ቢሆንላት ትርፏ 45 ብር ይሆናል፤ ከሌላዋ ጋር ትተካከላለች። ያን ጊዜ ብቅል መቀነስ አያዋጣትም።