ቅንጨ አረምን ለይቶ ማወቅና መከላከል፤ በወገዳ የዕርዳታ እህል ማከፋፈያዎች ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ድርቅ ያጠቃውን ሕዝብ ለመታደግ የሚጓጓዘው እህል ነፍስ የማዳኑን ያህል፣ ጥንቃቄ ከተጓደለበት የአረም ዘር ይዞ ሊገባ እንደሚችል የቅንጨ አረም ታሪክ ያስረዳል። በሳይንሳዊ መጠሪያው ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ የሚባለው ይህ መጤ አረም የተገኘው ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። በህንድ ፑኔ ከተማ በ1948 ዓ.ም. ገደማ ሲታይ ከአሜሪካ በመጣ ስንዴ ተቀላቅሎ እንደገባ በሰፊው ይታመናል። በአገራችንም በ1970ዎቹ ዓመታት በሐረርጌ፣ ቀጥሎም በሰሜን ወሎ ታይቷል። ሁለቱም ስፍራዎች ለዋና ዋና የዕርዳታ እህል ማከፋፈያዎች ቅርብ በመሆናቸው ዘሩ ከእህሉ ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ይገመታል። የሐረርጌ ገበሬ አረሙን «ፈረምሲስ» ማለቱ፣ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደማለት ሲሆን፣ የጉዳቱን ክብደት ያመለክታል።

ጉዳዩ ወገዳን በሁለት ምክንያት ይመለከታል። አንደኛ፣ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸናና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀው መንገድ አረሙ ሥር ከሰደደበት ከወሎ ቆላ ጋር ያገናኘዋል። ሁለተኛ፣ አካባቢው ድርቅ የሚደጋገምበት በመሆኑ ዕርዳታ ሲቀበል የኖረ ነው፤ ስማዳ፣ ታች ጋይንትና ላይ ጋይንትም በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ድርቅ ሣሩን ሲያጠፋና መሬቱ ሲራቆት፣ በመጀመሪያው ዝናብ ቀድሞ የሚበቅለው እንዲህ ያለው አረም ነው።

መለያ ምልክቶች

አረሙ በለጋነቱ ቅጠሉ መሬት ላይ ተነጥፎ ስለሚታይ ከካሮትና ከድንብላል ጋር ያምታታል፤ በህንድም «የካሮት ሣር» እስከ መባል ደርሷል። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ከእነዚህ ሳይሆን ከሱፍና ከኑግ ወገን ነው። የካሮትና የድንብላል አበባ እንደ ጃንጥላ ሲዘረጋ፣ የቅንጨ አበባ ግን ነጭ፣ ከግማሽ ሳንቲሜትር ያነሰና ዳር ዳሩ አምስት ጫፍ ያለው ነው። ግንዱ በቁመቱ የተሰመረና ጠጕራም ሲሆን፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሊረዝም ይችላል። ቅጠሉ ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋርም ሊመሳሰል ይችላል፤ ሆኖም የእነዚህን መልካም ሽታ አይሰጥም።

የሚያስከትለው ጉዳት

አረሙ ከበቀለ ከአንድ ወር ወዲህ ሊያብብ ይችላል፤ አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ላይ በተደረገ ጥናት፣ አረሙ ወቅቱን ሙሉ ሳይነቀል ሲቀር ምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል። ሰውን በቆዳ ቁጣና በአስም ያስቸግራል፤ ከብት ሲበላው ወተቱ ይመራል።

የመከላከያ ዘዴዎች

1. የመጋዘን ጥራጊና ከእህል የተነፋ ቆሻሻ በሜዳ መጣል የለበትም፤ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ መቃጠል አለበት። ጆንያና የጭነት መኪና ከመንቀሳቀሳቸው በፊት መራገፍና መጠረግ ይገባቸዋል።

2. ለምግብ የተሰጠ እህል ለዘር እንዳይውል፣ ለዘር የሚሆነው በወቅቱና ተለይቶ ሊቀርብ ይገባል። የተራበ ገበሬ ዘር አጥቶ የዕርዳታውን እህል ቢዘራ፣ ጥፋቱ ዘር ባለማዘጋጀት የመጣ ነው።

3. በመጋዘኖች፣ በማከፋፈያ ሜዳዎችና በመንገድ ዳር ከዝናብ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅኝት ይደረግ። አረሙ ከታየ ሳያብብ፣ አፈሩ ርጥብ ሳለ፣ በጓንት ከነሥሩ ይነቀል፤ ቢታጨድ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል። ያበበው እዚያው ደርቆ ይቃጠል እንጂ ወደ ሌላ ስፍራ አይጓጓዝ።

4. በድርቅ ጊዜ ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ድርቆሽ ይመርመር። የተጎዳ ግጦሽ ተከልሎ ሣሩ ካገገመ አረሙን ይጫነዋል።

5. አረሙ በሰፊው በተዛመተባቸው አካባቢዎች ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ በተጨማሪነት ያገለግላል፤ ይህ ነፍሳት በ2008 ዓ.ም. በወለንጪቲ ተለቋል። አረሙ ገና በጥቂቱ በታየበት ስፍራ ግን እጅ ይቀድማል።

ሰፋሪዎች ከደጋና ከወይና ደጋ ወደ ቆላ በሚጓዙበት ጊዜም ጓዝ፣ ዘርና ከብት አብረው ስለሚሄዱ፣ ከጉዞው በፊት የሚደረገው ምርመራ ይህንኑ ማካተት አለበት። አዲስ የሰፈራ መሬት ሲመነጠር ይራቆታልና ለአረሙ የተመቸ ነው።

በጠቅላላው፣ አንዲት የአረም ችግኝ በመጋዘን በር ላይ ስትታይ በአንድ ሰው እጅ ትነቀላለች፤ በማሽላ እርሻ ውስጥ ከተሰራጨች በኋላ ግን የአንድ ቀበሌ ጉልበት አይበቃትም። ስለሆነም የዕርዳታ ሠራተኛው የእህሉን ክብደት የሚመዘግበውን ያህል ንጽሕናውንም ቢመዘግብ፣ ለዛሬ ረሃብ የመጣው እህል ለነገ ረሃብ ምክንያት አይሆንም።